ነገሌ ላይ ቫልስ የተመታ ዕለት

ሙዚቃ የሚሰማው በጆሮ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወታደር ሰፈር ኖሮ እንደማያውቅ ዕወቁ። እኛ ዘንድ ሙዚቃ የሚሰማው በእግር ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ጆሮ ገና «ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ እግር ተነሥቶ ቆሟል። የማለዳው ጡሩምባ አለ፣ የምሳው አለ፣ የባንዲራው አለ። በተለይ የባንዲራው! ባንዲራ ሲወርድ ነገሌ በሙሉ ባለበት ቀጥ ይላል። ገበያተኛው ይቆማል፣ ባለሱቁ ይቆማል፣ አህያ ነጂው ይቆማል። መንገዷን የምትቀጥል አህያዋ ብቻ ናት። ጎረቤቴን እትዬ በላይነሽን አንድ ቀን አንሶላ ሲጨምቁ ጡሩምባው ደረሰባቸው። አንሶላውን እንደጨበጡ ቀጥ ብለው ቆሙ። ውሃው በክርናቸው በኩል ወደ ብብታቸው እየወረደ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ ጨረሱ። «ለባንዲራ ነው፣ ምን ይደረግ!» አሉ በኋላ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ።

ታዲያ እንዲህ ባለ ከተማ ቫልስ የተባለ ነገር ቢመጣ ምን ይሆናል? ልንገራችሁ።

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ሰንፌ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤቱ ሰባተኛ ክፍል ሊከፍት ነው ሲባል፣ ሳይከፍት ታፈሰ ቀደመው። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አባቴ እሺ አለ፣ ደብተሬን ለታናሽ እህቴ ሰጠሁ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ታፈሰ ደግ ሰው ነው። አስር አለቃ ነው፤ በሙዚቃ ጓዱ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የሚመታው እሱ ነው። ከበሮው ደረቱ ላይ ሲታሰር ከሰውዬው የሚታየው ቆቡ ብቻ ነው። ሰልፍ ላይ ከሩቅ ስታዩት ከበሮ ቆብ ደፍቶ የሚራመድ ይመስላችኋል።

የታፈሰ ሕይወት ሁለት ናት። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። በር ሲያንኳኳ ሁለት ጊዜ ነው። ሻይ ሲያማስል ሁለት ጊዜ ነው፤ ስኳሩ ሟሟ አልሟሟ የራሱ ጉዳይ ነው። ልጃችን ገነት ስታለቅስ እንኳ ጀርባዋን ቸብ ቸብ የሚያደርጋት በሰልፍ ምት ነው። ልጅቷ ዝም የምትለው ተኝታ ይሁን ታዝዛ እስካሁን አላወቅኩም።

እንዲህ እንዲህ ስንል አንድ ቀን የሙዚቃው አለቃ፣ ሻምበል ባሻ ደምሴ፣ አንድ ፖስታ ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ አንድ ጄኔራል ከነባለቤታቸው ጦሩን ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ በመኮንኖች ክበብ ግብዣ አለ። የጄኔራሉ ባለቤት ውጭ አገር የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዳንስ ይወዳሉ፣ ከዳንስ ደግሞ በሦስት ምት የሚሽከረከሩበትን ቫልስ። ሙዚቃው የተጻፈው አዳራሽ ለሚሞላ ኦርኬስትራ ነው፤ ቫዮሊኑ ብቻ ከኛ ጓድ ሰው ይበልጣል። የኛዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ቫዮሊን የሚባል ነገር በሥዕል ካልሆነ አይተው አያውቁም። ሻምበል ባሻ የቫዮሊኑን ሥራ በሙሉ ለሦስት ክላርኔት ነፊዎች አከፋፈሉት። ሦስቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንጫቸው አበጠ፣ ሰላም ሲሏቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ታፈሰ የራሱን ወረቀት ቤት ይዞ መጣ። እኔ ማንበብ ስለምወድ አየሁት። ኖታውን አላውቅም፤ ግን ከላዩ ላይ በፈረንጅኛ የተጻፈውን ሻምበል ባሻ ሥር ሥሩን በእርሳስ በአማርኛ ጽፈውታል። መጀመሪያው ላይ «በጣም ቀስ ብሎ፤ እንደሚያስታውስ ሰው። ማይነር» ይላል። ዝቅ ብሎ «አሁን ሞቅ ብሎ፤ ሦስት ሦስት፤ ሳይቸኩሉ» ይላል። መሐል ላይ «ማጆር፤ በደስታ» ይላል። ወደ መጨረሻው ደግሞ «እንደሚያመሰግን ሰው» ይላል። ገረመኝ። ወረቀት ሰውን «ቁም፣ ሂድ» ብሎ ሲያዝ አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሞልቷል። ሰውን «አሁን አስታውስ፣ አሁን ደስ ይበልህ፣ አሁን አመስግን» ብሎ የሚያዝ ወረቀት ግን ያን ቀን ገና አየሁ።

«ማይነር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ታፈሰ አሰበ። «ማይነር ማለት…» አለ፣ «አንቺ አኩርፈሽ ጀርባሽን ስትሰጪኝ ነው።»

«ማጆርስ?»

«ስትዞሪ።»

እንግዲህ ሙዚቃ እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ሦስት መቁጠር ያቅተዋል ብላችሁ ታስባላችሁ? አቃተው!

«አንድ ሁለት ሦስት» ይልና በሦስት አይቆምም። አራተኛዋ ከየት እንደምትመጣ እንጃ፣ ትመጣለች። ጠረጴዛውን ሲመታ እሰማለሁ፤ ዱም፣ ዱም ዱም… ዱም። «አራተኛዋን ተው» እለዋለሁ። «ሦስት ላይ እንዴት እቆማለሁ?» ይለኛል፣ «አንድ እግሬ አየር ላይ ቀረ እኮ!» በግቢው ውስጥ እየተራመደ ሊለማመደው ሞከረ። ይሄ ደግሞ የባሰ ሆነ። አንዱ በግራ ከጀመረ የሚቀጥለው አንድ በቀኝ ይወድቃል፤ በቀኝ የሚጀምር ወታደር ደግሞ የለም። ስለዚህ በየሦስት እርምጃው እግር መቀየሪያ ትንሽ ዝላይ ጨመረበት። ካኪ የለበሰ ትልቅ ሰው ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ እየተራመደ እየዘለለ ሲዞር ይታያችሁ።

እትዬ በላይነሽ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ጠሩኝ። «አንቺ፣ ባልሽን እግሩን ምን ነካው?»

«ቫልስ ነው፣ እትዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ጠበል ውሰጂው። የኔው ሰውዬ ወባ ሲይዘው እንኳ እንዲህ አልሆነም!»

ሳቅሁ። ግን ሆዴ አልሳቀም። ሻምበል ባሻ ለጓዱ ምን እንዳሉ አውቃለሁና። «ሦስት ቆጥሮ የማይጸና ሰው ወደ ጠመንጃው ይመለሳል» ነው ያሉት። ወደ ጠመንጃው መመለስ ማለት ደግሞ ያን ወር ዶሎ፣ ድንበሩ ላይ ያለው ጦር ግንባር፣ ማለት ነበር። ወደዚያ የሚሄደው ጦር ስም ዝርዝር እየተዘጋጀ ነው። ዶሎ ቤተሰብ አይወስዱም። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፣ ተኩሱ ሌላ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደኝ ሌላ ነው። እኔ ራሴ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቅሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴን «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኋት። አባቴ ሰምቷል። ጫማውን ማሰር ቀጠለ። ያቺን ጫማ ሲያስር ያየሁትን ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ገነት ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። ስለ ታፈሰ እንደዚያ ብላ እንድትጠይቀኝ አልፈለግሁም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቅቤ ላውራ። አትቆጡ፣ ከነገሩ አልወጣሁም።

ሰፈራችን ወተት የሚያመጡልን አዮ ዳኪ የሚባሉ የቦረና ሴት ናቸው። አዮ ማለት በነሱ እናት እንደማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንጠራቸዋለን። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ አማርኛቸው አጭር ነው፤ አጭር ስለሆነ ደግሞ ውሸት አይገባበትም። ለገነት አናት የሚሆን ለጋ ቅቤ ፈልጌ አንድ ጠዋት ከከተማው ዳር ካለው ጎጇቸው ሄድኩ። ገነትን አዝያታለሁ።

«ናጋ ቡልቴ?» አሉኝ። በሰላም አደርሽ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ አዮ» አልኩ።

«ቅቤው አልወጣም። ቁጭ በል።» አዮ ዳኪ ሴቱንም ወንዱንም «ቁጭ በል» ነው የሚሉት። ቁጭ አልኩ።

እግራቸውን ዘርግተው፣ አንገተ ረጅሙን ቅል ጭናቸው ላይ አጋድመው ይንጣሉ። አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ይገፉታል፤ ከዚያ ይተዉታል። ወተቱ ቅሉ ውስጥ ሄዶ ይላተማል፣ ተመልሶ ይመጣል። ድም፣ ጭልቅ፣ ጭልቅ። ድም፣ ጭልቅ፣ ጭልቅ። እያዳመጥኩ ሳለ እጄ ገነትን ከኋላዬ ቸብ ቸብ ያደርጋታል። ቸብ የማደርጋት እንዴት እንደሆነ ድንገት ልብ አልኩ። በሦስት ነው! ያለ አራተኛ! ልጅቷም ጭጭ ብላ ተኝታለች።

«አዮ» አልኩ፣ «ባሌን እሑድ ላምጣልዎት?»

«ታመመ እንዴ ወታደሩ?»

«አልታመመም። ሦስት መቁጠር አቅቶት ነው።»

አዮ ዳኪ ቅሉን አቁመው አዩኝ። «ጠመንጃ ሰጥተውታል፣ ሦስት አያውቅም?» አሉ። «ዋቃ ይጠብቀን!»

እሑድ ታፈሰን ይዤው ሄድኩ። ካኪውን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ለፈተና እንደሚቀርብ ተማሪ ሆኖ ነው የመጣው። ቦረና ውስጥ ወንድ ውሃ ጉድጓድ ወርዶ በዘፈን ባልዲ ሲቀባበል ይውላል እንጂ የሚናጥ ቅል አይነካም። ስለዚህ አዮ ዳኪ ቅሉን ታፈሰ ጭን ላይ ሲያስቀምጡ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ወሬውን ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ በሩ ላይ ተደረደሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ።

ታፈሰ ጀመረ። ዱም ዱም ዱም ዱም! የቅሉ ክዳን ተፈናጠረ፣ ወተቱ የተተኮሰውን ካኪ ከአንገት እስከ ቀበቶ አጠበው።

«ሱታ! ሱታ!» አሉ አዮ ዳኪ፣ ቀስ ቀስ ማለታቸው ነው። «ወተቱ ምን በደለህ?»

እንደገና ሞከረ። እንደገና አስቆሙት። ከዚያ እጁን በእጃቸው ያዙትና አንድ ጊዜ አስገፉት፤ ገፍቶ ሲያበቃም አልለቀቁትም። ሊነሣ ሲል ይይዙታል። «ቆይ። አንተ ገፋህ፣ አለቀ። የሚመጣው ያንተ አይደለም። እሱ ራሱ ይመጣል። ቆይ ብዬሃለሁ!»

ድም። ጭልቅ፣ ጭልቅ።

ድም። ጭልቅ፣ ጭልቅ።

የባሌ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ዞሮ ተመለከተኝ። «ሁለትና ሦስት ለካ የኔ አይደሉም!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቫልስ የትልቁ ከበሮ ድርሻ አንደኛዋ ምት ብቻ ናት። ሁለትና ሦስትን ሌሎቹ ይነፏቸዋል። ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሻምበል ባሻም ስንቴ ነግረውታል። ታፈሰ ግን ባዶ ቦታ ይፈራል። ሰልፍ ውስጥ ባዶ ቦታ የለማ! ባዶ ቦታ ከታየ ሰው ጎድሏል ማለት ነው፣ ሮጦ መሙላት ነው። ይሄ ሰው የሌሎቹን ሁለት ምት ሲሞላ፣ ሲሞላ፣ ትርፍ ይተርፈዋል። አራተኛዋ ያች ትርፍ ነበረች። መጠበቅን ያስተማሩት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ናቸው። «ከቸኮልክ ቅቤው ይበተናል፣ ከዘገየህ ይተኛል» አሉት። ሻምበል ባሻ በእርሳስ የጻፉት «ሳይቸኩሉ» የሚለው ያኔ ነው የገባኝ።

ብዙ ናጠ። ፀሐይዋ ጎጆው በር ላይ ደረሰች። ሴቶቹ መሳቅ ሰልችቷቸው ወደ የሥራቸው ሄዱ። ከዚያ የቅሉ ድምፅ ተለወጠ። ያ ቀጭን፣ ዕረፍት የሌለው ጭልቅታ ወፍራም ሆነ፣ ሞላ፣ ሰፋ። ታፈሰ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ማጆር ገባ!» አለ።

«ማጆር ምንድን ነው?» አሉ አዮ ዳኪ። «ቅቤ ነው የወጣው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ ሦስት አለው። ዱም… ብሎ ይተወዋል። እጁ ከበሮው አጠገብ ተንጠልጥላ ትቆያለች፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ዱም… ሻምበል ባሻ ጆሯቸውን አላመኑም። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት «ቅል» አላቸው። የሰደባቸው መስሏቸው ነበር።

ጄኔራሉ የመጡ ዕለት እኛ የወታደር ሚስቶች ክበቡ ኋላ ወጥ ቤቱ ጋ ነበርን። ሳህን የምናጥብ አለን፣ ሳምቡሳ የምናቀርብ አለን። አዮ ዳኪም ለእንግዶቹ ሻይ የሚሆን ወተት አምጥተው ከጎኔ ቆመዋል። አትክልቱ ውስጥ ወንበሩ ዙሪያውን ተደርድሯል፣ መሐሉ ለዳንስ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቷል። ጄኔራሉ አሉ፣ ባለቤታቸው አሉ፣ መኮንኖቹ ከነሚስቶቻቸው አሉ። አንድ ፈረንጅ የጦር አማካሪም ከአስተርጓሚው ጋር አለ። ሻምበል ባሻ ፊታቸውን ወደ ጓዱ፣ ጀርባቸውን ወደ እንግዶቹ አድርገው ዱላቸውን አነሡ።

ቫልሱ እንዴት እንደሚጀምር ነግሬያችኋለሁ? በጣም ቀስ ብሎ፤ እንደሚያስታውስ ሰው፤ በማይነር። አንድ ክላርኔት ብቻዋን ወጣች። ከባድ፣ ያዘነ፣ የተከበረ ድምፅ። ገና ሁለተኛዋን ትንፋሽ ሳትጨርስ ከበሩ በኩል «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘበኛው ተረከዙን አጋጥሞ ለሰላምታ መሣሪያ አንሥቷል።

እግር ነዋ! ነግሬያችሁ የለ?

ዘበኛው ሲቆም አጠገቡ ያለው ሻለቃ ተነሣ። ሻለቃው ሲነሣ መኮንኖቹ ሁሉ ተነሡ። ጄኔራሉ «የፈረንጁ አገር መዝሙር ነው» ብለው ተነሥተው እጃቸውን ቆባቸው ላይ አደረጉ። ፈረንጁ ደግሞ «የነሱ ነው» ብሎ ተነሥቶ እጁን ቆቡ ላይ አደረገ። ሚስቶቹ ተነሡ። እትዬ በላይነሽ የሳምቡሳ ትሪ እንደያዙ መሐል ሜዳ ላይ ደረቁ። ዝንብ ከሳምቡሳው ወደ አፍንጫቸው፣ ከአፍንጫቸው ወደ ሳምቡሳው ትመላለሳለች፤ እሳቸው ወይ ፍንክች!

ከዚያ ዳንሱ ጀመረ፤ ማለቴ የዳንሱ ሙዚቃ። ሞቅ አለ፣ ሦስት ሦስት ሆነ፣ መሽከርከር ጀመረ። አሁን እንኳ መዝሙር እንዳልሆነ ያልገባው ያለ አይመስለኝም። ግን ማን ቀድሞ ይቀመጥ? ጄኔራል ቆሞ ሻለቃ አይቀመጥም። ፈረንጅ ቆሞ ጄኔራል አይቀመጥም። ጄኔራል ቆሞ ፈረንጁ እንግዳ ነው፣ እንዴት ይቀመጣል? ሁሉም ሰው የሌላውን እጅ በዓይኑ ጥግ እያየ፣ የራሱን እጅ ቆቡ ላይ ተክሎ ቆመ። ሙዚቃው ማጆር ገብቶ ይፈነድቃል፤ ሕዝቡ እንደ ሐውልት ነው።

ሻምበል ባሻ ጀርባቸውን ሰጥተዋልና ምንም አላዩም። ከኋላቸው ሁሉም እየደነሰ መስሏቸዋል። ትከሻቸውን ያወዛውዛሉ፣ ፈገግ ይላሉ። የጫማ ድምፅ አለመሰማቱ እንኳ ደስ አሰኝቷቸው እንደነበር በኋላ ለታፈሰ ነግረውታል። «ምን ያህል ቀላል እግር ቢኖራቸው ነው!» ብለው ሲያደንቁ ነበር። ፊት ለፊት የሚያየው ታፈሰ ነው፤ እሱ ደግሞ ከከበሮው በላይ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ያ ዓይን ሲቁለጨለጭ አየሁት። አሁን ይደናገራል፣ አሁን አራተኛዋ ትመጣለች አልኩ። ዱም… እጁ ተንጠልጥላ ቆየች። ዱም… ቆየች። አልቸኮለም። ከሙዚቀኞቹ ሌላ በጠቅላላው ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሁለት ፍጡሮች ነበሩ፤ ጀርባዬ ላይ ገነት ትዘላለች፣ ከጎኔ አዮ ዳኪ ጉልበታቸውን ያወዛውዛሉ።

«ምን ሆነው ቆሙ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለክብር ነው፣ አዮ።»

«ማንን ነው የሚያከብሩት?»

እሱን እንኳ እኔም አላውቅም።

ሙዚቃው አለቀ። ሻምበል ባሻ ለጭብጨባው እጅ ሊነሡ ዞር አሉ፤ ጄኔራል፣ ፈረንጅ፣ ሻለቃ፣ ዘበኛ፣ ሁሉም ሰላምታ ላይ! ሰውዬው ደነገጡና እሳቸውም ሰላምታ ሰጡ። ፈረንጁ በአስተርጓሚው በኩል መዝሙራችን እጅግ ያማረ መሆኑን፣ ትንሽ ግን ረዘም እንደሚል ተናገረ። ጄኔራሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንንም ሳያናግሩ ቀጥ ብለው ወደ ከበሮው ሄዱ።

«አንተ! ስምህ ማነው?»

«አስር አለቃ ታፈሰ፣ ጌታዬ!»

«ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሰማህ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናገርክም። አልቸኮልክም። ዙሪያህ እንዲህ ሆኖ!» ወደ ሻለቃው ዞሩ። «እንዲህ ያለ ሰው ከበሮ ላይ ምን ይሠራል? እኔ ይሄንን ሰው ዶሎ ላይ ነው የምፈልገው።»

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። አያችሁ? እንዳይሄድብኝ ብዬ ቅል ያስናጥኩት እኔ፣ በገዛ እጄ ልሰደው ነው! ሦስት ባይችል ዶሎ፤ ሦስት ቢችል ዶሎ።

ያን ጊዜ የጄኔራሉ ባለቤት ከወንበራቸው «እንዴ!» አሉ። ደቃቃ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሻለቃ ነው። «ታዲያ ቫልሴን ማን ሊመታልኝ ነው?»

ጄኔራሉ ዞሩ። «ቫልስ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን መሰላችሁ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጦሩ በሙሉ ሰላምታ ላይ ቆሞ፣ እኔ ብቻዬን መሐል ገብቼ ልሽከርከር?» አሉ። ከዚያ ወደ ታፈሰ እጃቸውን ዘረጉ። «ይሄ ልጅ የትም አይሄድም። ዛሬ አልደነስኩም። እመለሳለሁ፤ ስመለስ ይሄው ከበሮ፣ ይሄው ሰው እንዲጠብቀኝ።»

እዚያው ይደገም እንዳይባል እንግዶቹ የመጡበት አውሮፕላን ፀሐይ ሳትጠልቅ መነሣት አለበት፤ ሞተሩም ተነሥቷል። ጄኔራሉ ባለቤታቸውን አዩ፣ ሻለቃውን አዩ። «እንግዲህ እመቤቲቱ እስኪመለሱ ይቆይ» አሉና ቆባቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ሰው ለልጁ ሲነግረው «ትጋ፣ ታገሥ፣ ተለማመድ፤ ፍሬውን ታያለህ» ይላል። እውነት ነው፣ ታፈሰ ተግቷል። ግን ስለ እውነት እንነጋገር ከተባለ ባሌን ያተረፈልኝ መትጋቱ አይደለም፤ የሰዎቹ ስሕተት ነው። ዕውቀት ያላቸው ቢሆኑ ይደንሱ ነበር። የሚደንስ ሰው የባልደረባውን ዓይን ያያል፣ እግር እንዳይረግጥ ይጠነቀቃል፤ ከበሮ ማን ይሰማል? ግርግሩ ውስጥ ታፈሰን ልብ የሚለው አልነበረም፤ ስሙ አንድ ቀን የዶሎው ዝርዝር ላይ ሲወጣም «ይቆይ» የሚልለት ባልተገኘ። ሁሉም ተሳስቶ እንደ ሐውልት ስለቆመ ነው እያንዳንዷን ምት የሰማት። እመቤቲቱም ሳይደንሱ ስለቀሩ ነው የሚመለሱበት ምክንያት የተገኘው። እኔ እንግዲህ ያን ቀን ቀድሞ ተረከዙን ያጋጠመውን ዘበኛ ባየሁ ቁጥር እንጀራ እሰጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ አያውቅም። ይበላል፣ «ይስጥልኝ» ይላል። የአዮ ዳኪንማ ውለታ ምን ሰጥቼ እከፍላለሁ? ስኳር ይዤ ሄጄ ነበር፤ «የሱ ቅቤ ዐሥር ቀን ሳይበላሽ ቆየ፤ ላከው፣ ይናጥ» አሉኝ። ይኸው በየእሑዱ ይሄዳል። የመንደሩ ሴቶች አሁን ዘወር ብለውም አያዩት።

ገነት አሁን አራት ዓመቷ ነው። አባቷን «ታፈሰ!» ብላ በስሙ ነው የምትጠራው፤ ቆቡን ቀምታ ደፍታ ታዘዋለች፣ እሱም ይታዘዛል።

የዶሎው ዝርዝር በየዓመቱ ይወጣል። ጸሐፊው ስም እየጠራ ይመጣ ይመጣና «አስር አለቃ ታፈሰ» ላይ ይደርሳል። ሻለቃው ቀና ይላሉ፤ «እሱን ተወው፣ እመቤቲቱ ሊመጡ ይችላሉ» ይላሉ። ይዘለላል።

እመቤቲቱ ግን እስከዛሬ አልመጡም። በየጠዋቱ ተነሥቼ ስማቸውን ጠርቼ እጸልይላቸዋለሁ። ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ። ጤና ይስጣቸው፣ እግራቸውን ያበርታላቸው፣ የሚደንሱበት አዳራሽ እዚያው አዲስ አበባ አጠገባቸው ይሁንላቸው እላለሁ። ነገሌ መምጣትን ሁልጊዜ ያስቡት፣ ከልባቸው ያስቡት፣ እንዲያው እንዳሰቡት ይኑሩልኝ!